በጠፈር ላይ የሚያድጉ የፕሮቲን ክሪስታሎች ለመድኃኒት ሥራ በእርግጥ ምን ጠቀሙ?

ጥያቄ፦ ፋርማሲስት ከማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በመከታተል ላይ ነኝ። ለሴሚናር የመረጥሁት ርእስ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ የፕሮቲን ክሪስታል ማሳደግ ለአዳዲስ መድኃኒቶች ግኝት ያለው አስተዋጽኦ ነው። አማካሪዬ ርእሱን ባይቃወሙም፣ «ከሚያዳምጡሽ ሐኪሞች አንዱ ይህ ነገር መተማ ወርዶ ካላአዛር (ሊሽማንያ በተባለ ተውሳክ የሚመጣው በሽታ) ይዞት ለሚመለሰው የቀን ሠራተኛ ምን ይፈይዳል ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልስ ይዘሽ ግቢ» ብለውኛል።

እስካሁን ያነበብሁት በአብዛኛው የጠፈር ድርጅቶቹ ራሳቸው ያወጡት ጽሑፍ በመሆኑ የማስታወቂያ ቃና አለው። በጠፈር ያደገ ክሪስታል የተሻለ ነው ይላል እንጂ ለምን እንደሚሻል፣ ተሽሎስ ምን እንዳተረፈ አጥርቶ አይናገርም። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ስበት ክሪስታሉን የሚጎዳው በምን መንገድ ነው? ሥራው ከተጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታልና፣ በዚህ መንገድ ተገኝቶ መደርደሪያችን ላይ የደረሰ መድኃኒት አለ? ካላአዛርን በተመለከተስ ሳላጋንን ልናገረው የምችለው ምንድን ነው? ጊዜ ወስዳችሁ ለምትመልሱልኝ ሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር ከአዘዞ

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለባለሙያዎቹ ትቼ የመጀመሪያውን ልሞክር። በሴሚናርዎ ላይ «በጠፈር ስበት የለም» ብለው እንዳይጀምሩ አደራ እላለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ አንድ የፊዚክስ ሰው ቢኖር ከዚያ በኋላ የሚሉትን አይሰማም። ጣቢያው የሚዞረው ከምድር ገጽ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ የምድር ስበት እዚህ ከምናውቀው 90 በመቶ ገደማ ነው። ሰዎቹና ዕቃዎቹ የሚንሳፈፉት ጣቢያው በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ በምድር ዙሪያ ያለማቋረጥ ስለሚወድቅና በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮት እኩል ስለሚወድቅ ነው። ለክሪስታሉም ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ ሁሉም እኩል በሚወድቅበት ፈሳሽ ውስጥ ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ የሚሄድበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ጠብታው እንግባ። ፕሮቲን በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ የጨው መጠን ቀስ እያለ ሲጨምር ፕሮቲኑ ሟሙቶ መቆየት ይሳነዋል፤ ሁኔታው ከተመቸም ሞለኪውሎቹ እየተደረደሩ ክሪስታል ይሠራሉ። እያንዳንዱ ሞለኪውል ክሪስታሉን ሲቀላቀል በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ፕሮቲን ስለሚቀንስበት ከሌላው ይልቅ ይቀላል። በምድር ላይ ይህ የቀለለ ፈሳሽ ሽቅብ ይወጣና ፕሮቲን የሞላበት ፈሳሽ ቦታውን ይይዛል፤ በዚህም ምክንያት በክሪስታሉ ዙሪያ የማያቋርጥ ዝውውር ይፈጠራል። አዲሱ ፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ ይዞ ቢመጣ ባልከፋ፤ ነገር ግን የተጣበቁ ጥንድ ሞለኪውሎችን፣ የተበላሹትንና ባዕድ ነገሮችን ጭምር ያመጣል። ክሪስታሉ በጥድፊያ ስለሚያድግ ሞለኪውሎቹ ትክክለኛ ቦታቸውን ሳይዙ ሌላው ይደረብባቸዋል።

ሁለተኛው ችግር መዝቀጥ ነው። ክሪስታሉ ከፈሳሹ ስለሚከብድ፣ ጠላ ሲሰክን አተላው ወደ ጋኑ ሥር እንደሚወርድ ሁሉ፣ እያደገ ሲሄድ ወደ ታች ይወርድና ከሌሎቹ ላይ ይከመራል፤ ተጣብቀውም ያድጋሉ። በምሕዋር ላይ ግን ሁለቱም ይቀራሉ ማለት ይቻላል። ፕሮቲን የሳሳበት ፈሳሽ በክሪስታሉ ዙሪያ እንደ ከበበው ይቆያል፤ አዲስ ሞለኪውል ወደ ክሪስታሉ የሚደርሰውም በዝግታ እየተሰራጨ ብቻ ነው። ትልልቆቹ የተጣበቁ ሞለኪውሎች ከነጠላዎቹ ይበልጥ ቀርፋፋ ስለሆኑ ወደኋላ ይቀራሉ፤ በዙሪያው ያለው የሳሳ ፈሳሽ እንደ ማጣሪያ ያገለግላል ማለት ነው። እኔን የሚማርከኝ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ በጽሑፎቹ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል።

ይህ ሁሉ ጣቢያው ጸጥ ያለ ከሆነ ነው። ጠፈርተኞቹ ስፖርት ሲሠሩ፣ ሞተር ሲነሣ፣ መንኮራኩር መጥቶ ሲገናኝ መሣሪያው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ሙከራ የከሸፈውም በዚህ ዓይነቱ መናወጥ ነው ተብሎ ይታመናል።

መልስ፦ ባዮኬሚስት ነኝ

መምህሩ መንገዱን በሚገባ ጠርገዋል። እኔ የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ሳላድበሰብስ ልስጥዎት፤ በጠፈር ክሪስታል ምክንያት ብቻ ተገኘ ተብሎ ሊጠቀስ የሚችል መድኃኒት በገበያ ላይ የለም።

ክሪስታሉ ለምን እንደሚፈለግ ያውቃሉ፤ ኤክስሬይ ተለቆበት የፕሮቲኑን ቅርጽ ለማንበብ ነው። አንድ ነጠላ ሞለኪውል ኤክስሬይን የሚበትነው እጅግ በደካማ ሁኔታ ስለሆነ፣ በሥርዓት የተደረደሩ ቢሊዮኖች ተባብረው ነው የሚነበብ ምልክት የሚሰጡት። ማክስ ፔሩትዝና ጆን ኬንድሩ የሄሞግሎቢንንና የማዮግሎቢንን ቅርጽ በዚህ መንገድ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1962 ኖቤል ተሸለሙ። የፕሮቲኑ ጎድጓዳ ቦታ ከታወቀ በዚያ የሚገጥም መድኃኒት መንደፍ ይቻላል፤ ፕሮቲየስ የተባለውን የኤችአይቪ ኢንዛይም የሚያግዱት መድኃኒቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ክሪስታሎቹም ያደጉት እዚሁ ምድር ላይ ነው።

በጠፈር የተጀመረው ሥራ በአብዛኛው የሚያያዘው ከጀርመናዊው ኬሚስት ከቫልተር ሊትኬ ጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር በተጓዘው ስፔስላብ በተባለው የጠፈር ላብራቶሪ ላይ ላይሶዛይምና ቤታ ጋላክቶሲዴስ የተባሉ ኢንዛይሞች ክሪስታል አደገ፤ በምድር ካደጉት እጅግ የሚበልጥ መጠን እንደነበራቸውም ተዘገበ። ዓለምን ያስጎመጀው ያ ዘገባ ነው። በ1992 ደግሞ የአላባማው ሳይንቲስት ሎረንስ ደሉካስ ራሱ ወደ ምሕዋር ወጥቶ ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ክሪስታሎቹን በእጁ ሲንከባከብ ከረመ። ሆኖም የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2000 ባወጣው ግምገማ፣ እስከዚያ ድረስ የተሠራው ሥራ በመዋቅራዊ ባዮሎጂ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ እጅግ የተወሰነ ነው ብሎ ደመደመ።

ይህን ግምገማ ከሴሚናርዎ አያስቀሩት። የድክመቱ አንዱ ምክንያት የማነጻጸሪያ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ቀደምት ሪፖርቶች በጠፈር ያደገውን ምርጥ ክሪስታል ወስደው በምድር ላይ በሌላ መሣሪያ ካደገው ጋር ያስተያዩት ነበር። ትክክለኛው አሠራር ግን በአንድ ቀን የተዘጋጀ ፕሮቲን፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ በእኩል ሙቀት፣ አንዱ ምሕዋር ላይ ሌላው ምድር ላይ ሲያድግ ማነጻጸር ነው። ይህ በተደረገበት ጊዜ አንዳንዱ ፕሮቲን በግልጽ ተሻሽሎ ተገኝቷል፤ አንዳንዱ ልዩነት አላሳየም፤ የባሰበትም አለ።

በዚያ ላይ ዘመኑ ከሥሩ ሸሸ። የዛሬዎቹ ሲንክሮትሮኖች (ብርቱ ኤክስሬይ የሚያመነጩ ግዙፍ ማሽኖች) እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ክሪስታሎች መረጃ ያወጣሉ። ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ (በቅጽበት የቀዘቀዙ ሞለኪውሎችን በኤሌክትሮን የሚያሳይ መሣሪያ) ክሪስታል የሚባል ነገር ጭራሽ አያስፈልገውም፤ ፈጣሪዎቹም በ2017 ኖቤል ተሸልመዋል። አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ደግሞ የፕሮቲኑን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ተነሥቶ ይተነብያል፤ የ2024ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሹ ለሠሪዎቹ ደርሷል። ስለዚህ ቅርጽ ለማወቅ ብቻ ተብሎ ሮኬት መተኮስ ከዓመት ወደ ዓመት ማሳመኛው እየሳሳ ነው።

የቀረለት ጠባብ ቦታ ግን አለ። ኢንዛይም ሲሠራ ሃይድሮጂኖቹ የት እንደተቀመጡ ለማየት ኤክስሬይ ደካማ ነው፤ ኒውትሮን ይሻላል። የኒውትሮን ጨረር ደግሞ ስስ ስለሆነ አንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ትልቅ ክሪስታል ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው ምሕዋሩ ዛሬም የሚረዳው። ጃፓኖችም በጣቢያው ላይ ባላቸው ኪቦ በተባለው ክፍል ሥራውን አላቋረጡም። ከዱሼን የጡንቻ መመንመን በሽታ ጋር የተያያዘ ኤች ፒጂዲኤስ የተባለ ኢንዛይም ክሪስታል በጠፈር አሳድገዋል፤ ይህን ኢንዛይም የሚያግድ ዕጩ መድኃኒትም በሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል። ቢሆንም የጠፈሩ መረጃ ከብዙ ግብዓቶች አንዱ ነው ብለው ይግለጹት እንጂ «የጠፈር መድኃኒት» አይበሉት።

ፋርማሲስት ከማራኪ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባዮኬሚስቱ የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ግን ርእሴን ልቀይር ይሆን የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ቅርጽ ለማወቅ ሌላ መንገድ ከተገኘ ኩባንያዎቹ አሁንም ገንዘብ የሚያወጡት ለምንድን ነው?

መልስ፦ በመድኃኒት ቅመማ የምሠራ

እኅቴ፣ ርእሱን አይቀይሩት፤ ትኩረቱን ያዙሩት። ለእኛ ለፋርማሲስቶች ክሪስታል የመድኃኒቱን ቅርጽ የምናነብበት ሰነድ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ ነው። የክሪስታሉ መጠንና ዓይነት መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሟሟ፣ በመርፌ ቀዳዳ ማለፍ አለማለፉን፣ ስንት ጊዜ ሳይበላሽ እንደሚቆይ ይወስናል። የጠፈሩ ሥራ በእኔ እይታ ፍሬ ያሳየው በዚህ በኩል ነው።

መርክ የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ ሥራ ይመልከቱ። ፔምብሮሊዙማብ ለብዙ ዓይነት ካንሰር የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ የተለመደው አሰጣጡ በየሦስት ወይም በየስድስት ሳምንቱ በደም ሥር 30 ደቂቃ በሚፈጅ ጠብታ ነው። ከቆዳ ሥር በመርፌ እንዳይሰጥ ያስቸገረው፣ በትንሽ ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ፕሮቲን ሲታጨቅ እንደ ሙጫ ስለሚዝለገለግ ነው። ፕሮቲኑ በደቃቅ ክሪስታል መልክ ፈሳሹ ውስጥ ቢበተን ግን ውፍረቱ ይቀንሳል፤ ለዚህ ደግሞ ክሪስታሎቹ እኩል መሆን አለባቸው። የፖል ራይከርት ቡድን ናሙናውን በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ወደ ጣቢያው ላከ። በ2019 በወጣው ጽሑፋቸው መሠረት፣ በምድር ያደገው ናሙና 13 እና 102 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ባሉ ሁለት መጠኖች ሲከፈል፣ በጠፈር ያደገው ግን 39 ማይክሮ ሜትር አካባቢ የተሰበሰበ አንድ ወጥ ነበር፤ ፈሳሹም በመርፌ ለመስጠት ይበልጥ የሚመች ሆኖ ተገኘ።

አሁን የሚበልጠውን ልንገርዎት። ቡድኑ ፋብሪካ ጠፈር ላይ እንሥራ አላለም። መዝቀጥና የሙቀት መለዋወጥ ጉዳት እንዳላቸው ከምሕዋሩ ከተረዱ በኋላ፣ ምድር ላይ የሚሽከረከር ማደባለቂያ ተጠቅመው ወደዚያ የተጠጋ ውጤት ለማግኘት ሠሩ። ጠፈሩ ያገለገላቸው አንዱን ተጽዕኖ አስወግዶ ሌላውን ለማየት ነው።

ነገር ግን እንዳይሳሳቱ፣ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ከቆዳ ሥር የሚወጋ ፔምብሮሊዙማብ ሲፈቅድ፣ መድኃኒቱ የተሠራው በክሪስታል አይደለም። ከቆዳ ሥር ያለውን ሕብረ ሕዋስ ለጊዜው የሚያላላ ኢንዛይም ተጨምሮበት ነው። ይህን ሳያነሡ የጠፈሩን ታሪክ ብቻ ቢያቀርቡ፣ አድማጩ መርፌው ከጠፈር የመጣ ይመስለዋል።

ሁለተኛ ምሳሌዎ ሪቶናቪር ይሁን። ፕሮቲን ስላልሆነ ከርእስዎ ወጣ ያለ ቢመስልም አዳራሹን የሚይዝልዎ እሱ ነው፤ ከአታዛናቪር ወይም ከሎፒናቪር ጋር ተጣምሮ ለኤችአይቪ ሕሙማን ሲሰጥ በየቀኑ የምናየው መድኃኒት ነውና። በ1996 ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ፣ በ1998 ከዚያ በፊት ያልታየና በጣም በጥቂቱ የሚሟሟ ሌላ የክሪስታል ዓይነት በድንገት በምርቱ ውስጥ ተገኘ። ካፕሱሉ ከገበያ እንዲወጣና መድኃኒቱ እንደገና እንዲቀመም ግድ ሆነ። ቫርዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሰኔ 2023 ባመጠቀው ሰው አልባ መንኮራኩር ያሳደገው ይህንኑ ሪቶናቪርን ነው። በየካቲት 2024 ዩታ በረሃ ላይ ሲያርፍ፣ የተፈለገው ሦስተኛው የክሪስታል ዓይነት ከምሕዋር ወደ ምድር ያለውን ጉዞ ተቋቁሞ መገኘቱ ተረጋገጠ።

መልስ፦ በካላአዛር ሕክምና የቆየሁ

ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር ብዬ ነው የገባሁት። ሐኪሙ «ለሕሙማኑ ምን ይፈይዳል» ቢልዎ፣ የጠፈሩ ክሪስታል እስከ ዛሬ ለካላአዛር ታማሚ ያደረገው ነገር የለም ብለው በግልጽ ይመልሱ። የክሪስታል ሳይንስ ግን አድርጓል፤ እሱን ይንገሯቸው።

እዚህ የምንሰጠው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት አንቲሞኒ የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት ነው። ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ17 ቀናት በየዕለቱ በመርፌ ይሰጣል፤ ልብንና ቆሽትን (ፓንክሪያስን) እንደሚጎዳም ማናችንም አንስተውም። መድኃኒቱ ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ ተውሳኩን በምን እንደሚገድል በዝርዝር አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የጣሊያን ተመራማሪዎች ከሊሽማንያ ኢንፋንተም የተገኘ ትራይፓኖታዮን ሪዳክቴስ የተባለ ኢንዛይም ክሪስታል አሳድገው፣ አንቲሞኒው በኢንዛይሙ መሥሪያ ቦታ ላይ ተጣብቆ አዩት። ተውሳኩ ራሱን ከኦክስጅን ጉዳት የሚከላከለው በዚህ ኢንዛይም ነው፤ በሰው ሰውነት ውስጥ ደግሞ ኢንዛይሙ የለም። ይህ ክሪስታል ያደገው በምድር ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ ባዮኬሚስቱ ያሉትን ያጠናክራል። ኤልኤክስኢ408 የተባለው፣ ኖቫርቲስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ያገኘውና ዲኤንዲአይ ከተባለው ለትርፍ ያልቆመ የመድኃኒት ምርምር ድርጅት ጋር በሕሙማን ላይ በመሞከር ላይ ያለው በአፍ የሚዋጥ ዕጩ መድኃኒት የሚሠራው የተውሳኩን ፕሮቲዮሶም (በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚቆራርጠውን ክፍል) በማገድ ነው። እንዴት እንደሚጣበቅ የታየው በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንጂ በክሪስታል አይደለም። ከሑመራና ከመተማ የእርሻ ቦታዎች ለሚመጣ ወጣት በየቀኑ ከመወጋት ይልቅ ክኒን መዋጥ ምን ማለት እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ ላለ ሐኪም ማስረዳት አያስፈልግዎትም። በዩኒቨርሲቲው የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ያሉትን ባልደረቦች ቢያነጋግሩ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ይነግሩዎታል።

ፋርማሲስት ከማራኪ፦

በጣም ረድታችሁኛል። ሴሚናሩን «ምሕዋሩ ምን አስተማረን» በሚል እንደገና አዋቅሬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ስበት በክሪስታል ላይ የሚያደርገውን ነገር በእኛው ላብራቶሪ ለማሳየት የሚቻልበት ቀላል መንገድ አለ?

መልስ፦ ባዮኬሚስት ነኝ

አለ። ላይሶዛይም ከዕንቁላል ነጭ የሚገኝ፣ ለጀማሪ የማያስቸግር ፕሮቲን ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ያህል አድርገው ፒኤች 4.6 በሆነ የሶዲየም አሲቴት በፈር (ፒኤቹን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ያሟሙት። ከዚህ ጥቂት ማይክሮ ሊትር በመስታወት ሽፋን ላይ ያንጠባጥቡና፣ በዚያው በፈር ከተዘጋጀ 1 ሞላር የገበታ ጨው እኩል መጠን ይቀላቅሉበት። ሽፋኑን ገልብጠው የጨው ፈሳሹ ባለበት ትንሽ ጉድጓድ አፍ ላይ በቅባት ያሽጉት። ውሃው ከጠብታው ቀስ እያለ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል፤ በ20 ዲግሪ ገደማ ከአንድ እስከ ጥቂት ቀናት ውስጥ ክሪስታሎች ይታያሉ። ለወባ ምርመራ የሚያገለግለው ማይክሮስኮፕ ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋም የሚበላሽ ነገር የለም፤ የክፍሉ ሙቀት ብዙ እንዳይለዋወጥ ብቻ ከመስኮት ያርቁት።

የስበትን ነገር ለማሳየት ደግሞ ሁለት ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች በተመሳሳይ ድብልቅ ይሙሉና፣ በአንደኛው ውስጥ 0.2 በመቶ አጋሮዝ (ሲቀዘቅዝ እንደ ጄል የሚረጋ ነገር) ይጨምሩበት። አጋሮዙ ለብ ብሎ ሳይረጋ ከፕሮቲኑ ጋር መቀላቀል አለበት። የረጋው አጋሮዝ ፈሳሹ እንዳይዘዋወር፣ ክሪስታሎቹም እንዳይዘቅጡ ይይዛቸዋል፤ ሞለኪውሎቹ ግን እየተሰራጩ ማለፍ አይከለከሉም። ቱቦዎቹን አቁመው ሲያሳድጓቸው አጋሮዝ በሌለበት ውስጥ ያሉት ከታች ተከማችተው፣ አጋሮዝ ያለበት ውስጥ ያሉት ደግሞ ከላይ እስከ ታች ተበትነው ያገኟቸዋል። የግራናዳው ክሪስታል አዋቂ ኋን ማኑኤል ጋርሲያ ሩይዝ በጄልና በቀጭን ቱቦ የማሳደግን ዘዴ ምድር ላይም ጠፈር ላይም ሠርቶበታል። አጋሮዝ ስበትን እንደማያጠፋና ከዝውውሩና ከመዝቀጡ ብቻ እንደሚገላግል ግን ለአድማጭ ይንገሩ፤ የክሪስታሉን ውስጣዊ ጥራት ለመለካት ኤክስሬይ ስለሚያስፈልግም፣ በማይክሮስኮፕ ያዩትን የመጠንና የአቀማመጥ ልዩነት ከሚያሳየው በላይ አይተርጉሙት።